የአሮጌ ባለአራት ጎማ ሞተር የማርሽ ኬብል እንዴት ይጠገናል?

ማርሽ አልገባ ሲል ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ካምቢዮውን ነው። ሞተሩ ያረጀ ከሆነማ ጥርጣሬው እርግጠኝነት ይሆናል። "ጥርሱ አልቋል" ይባልና ወደ ማውረድ ይኬዳል።

እኔም ያንን አድርጌያለሁ። ከኋላ ማርሽ እየዘለለ የሚወጣ ባለአራት ጎማ ሞተር ነበረኝ። ሁለት ቀን ለፍቼ ካምቢዮውን አውርጄ ከፈትኩት። ውስጡ ደህና ነበር። መልሼ ስገጥም ነው የኬብሉ መያዣ ብረት መሰንጠቁን ያየሁት። ማንሻውን በገፋሁ ቁጥር ማርሹ መሄድ ሲገባው መያዣው ነበር የሚለጠጠው። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አጥብቄ ይዣለሁ፤ ኬብሉ ተፈቶ ሳይፈተሽ ካምቢዮ አይነካም።

ቸል የሚባል ጉዳይም አይደለም። ያልተስተካከለ ኬብል ማርሹን ግማሽ ድረስ ብቻ ያስገባዋል። በካምቢዮው ውስጥ ማርሾቹን የሚያያይዙት ጉጦች በጫፋቸው ብቻ ይነካካሉ። ጭነት ሲመጣ ይንሸራተታሉ፤ በተንሸራተቱ ቁጥር ጠርዛቸው ይበላል። ዛሬ በሁለት ቁልፍ የሚስተካከለው ነገር ከጊዜ በኋላ እውነተኛ የካምቢዮ ብልሽት ይሆናል።

መጀመሪያ ኬብሉን እንወቀው

ኬብል ማለት ውስጡ ሽቦ፣ ውጪው ሽፋን ነው። ሽቦው መሥራት የሚችለው ሽፋኑ በሁለቱም ጫፍ ጠንክሮ ከቆመ ብቻ ነው። ሽፋኑ አብሮ ከሄደ የእጃችሁ ጉልበት መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሽቦውን ብቻ ሳይሆን ሽፋኑን የያዙትን ብረቶችና ዳዶዎች በእኩል ዓይን ተመልከቱ።

በእነዚህ ሞተሮች ላይ ሁለት ዓይነት ኬብል ታገኛላችሁ።

አንደኛው ጎትቶ ብቻ የሚሠራው ነው። እንደ ብስክሌት ፍሬን ማለት ነው፤ እናንተ ትስባላችሁ፣ የሚመልሰው ሞላ ነው። ኧርነስት ቦውደን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1896 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ኬብል እስከ ዛሬም በመሠረቱ ያው ነው። በብዙ አሮጌ ባለአራት ጎማ ሞተሮች ላይ የኋላ ማርሽን መቆለፊያ የሚከፍተው ይህ ዓይነቱ ነው። በግራ እጅ ያለውን ቁልፍ ተጭናችሁ የፍሬኑን ማንሻ ስትጨብጡ የሚሳበው ማለት ነው።

ሁለተኛው የሚስብም የሚገፋም ነው። ወፍራምና ደረቅ ያለ ሲሆን በሁለት ጫፉ ጥርስ የወጣለት የብረት ዘንግ አለው። በጎን ወይም በፊት ለፊት ያለች አንዲት ማንሻ ፈጣኑን፣ ከባዱን፣ ዜሮውንና የኋላውን ማርሽ የምትመርጥ ከሆነ የያዛችሁት ምናልባት ይህንን ነው። ይህ ኬብል አይቆረጥም፣ አይቀጠልም። ውስጡ ያለው ሽቦ አንዴ ታጥፎ ከተጎዳ ሲስቡት ይሄዳል፣ ሲገፉት ግን ይጣመማል።

አንዳንድ ሞተሮች ኬብል የላቸውም፤ ቀጥ ያለ ዘንግ ነው ያላቸው። የሥራው መንገድ የተለየ ቢሆንም ከታች ያለው የምርመራና የማስተካከያ ክፍል ለእነሱም ይሆናል።

ከመንካታችሁ በፊት

ሞተሩን ደልዳላ ቦታ አቁሙት። አጥፉት፣ ቁልፉን ንቀሉት፣ ጭስ ማውጫው እስኪበርድ ጠብቁ። ከዚያ ለጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉ። ይህን በደንብ አስምሩበት። በብዙዎቹ ላይ የመቆሚያው ማርሽ ካምቢዮው ውስጥ ነው ያለው። ኬብሉን ፈትታችሁ የካምቢዮውን ክንድ (ኬብሉ ካምቢዮው ላይ የሚያያዝበትን ብረት) ስትነኩ ሞተሩ ሊንከባለል ይችላል። ያን ጊዜ እናንተ ከጎኑ ተንበርክካችሁ ነው የምትገኙት።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። ቁልፎች (ከእያንዳንዱ ቁጥር ሁለት ሁለት ቢሆን ይሻላል)፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ዝገት የሚፈታ ስፕሬይ፣ ሜትር፣ ጠንካራ ሲባጎ፣ ነጭ ቀለም ወይም ማርከር። የእጅ ባትሪም አትርሱ፤ አብዛኛው ሥራ ጨለማ ጥግ ውስጥ ነው።

ጥፋቱ የት ነው?

ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አውሉት። ሌላው ሥራ የቁልፍ ሥራ ነው። ይሄኛው ግን ገንዘባችሁን የሚያድነው ነው።

ሞተሩ ጠፍቶ ማርሽ በቀላሉ እየገባ፣ ሲነሳ ብቻ እየጮኸና እየተንገጫገጨ የሚያስቸግር ከሆነ ኬብሉን ለጊዜው ተዉት። ሞተሩ ባለበት ቆሞ የሚዞርበት ፍጥነት ከፍ ብሏል፣ ወይም ፍሪሲዮኑ ወይም ቺንጊያው ሙሉ በሙሉ አይለቅም ማለት ነው። ካምቢዮው ውስጥ ያለው ዘንግ እየዞረ ማርሽ ለማስገባት እየታገላችሁ ነው። ሞተሩ ጠፍቶም ማርሹ ካስቸገረ ግን ቀጥሉ።

አንድ ሰው ማንሻውን ወዲያ ወዲህ ያድርግላችሁ። እናንተ ከካምቢዮው በኩል ሆናችሁ ተመልከቱ። ሽፋኑን የያዘው ብረት ይለጠጣል? ሽፋኑ ራሱ ይንሸራተታል? የኬብሉ ጫፍ ክንዱ ላይ በተያያዘበት ቀዳዳ ውስጥ ይንቀጫቀጫል? በተለይ ደግሞ ክንዱ ራሱ ከካምቢዮው በሚወጣው ዘንግ ላይ በትክክል መያያዙን እዩ። ክንዱ ተንቀሳቅሶ ዘንጉ ከቆመ የዘንጉ ጥርስ ተበልቷል፣ ወይም የክንዱ ማጥበቂያ ብሎን ላልቷል። ቀይ ቀለም ያለው የዝገት ዱቄት በመገጣጠሚያው ዙሪያ ካያችሁ እዚያ ቦታ ላይ ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው።

በዓይን ካልተገኘ ኬብሉን ከካምቢዮው ክንድ ላይ ፍቱት። ኬብሉን ከክንዱ ጋር የሚያያይዘውን ፒን የመቆለፊያ ሽቦ አውጡና ፒኑን ሳቡ። አሁን ክንዱን በእጃችሁ አንቀሳቅሱት። በየማርሹ ላይ "ቀጭ" ብሎ ሲቀመጥ ሊሰማችሁ ይገባል። ይህ ድምፅ በሞላ የምትገፋ ኳስ ጎድጓዳዋ ውስጥ ስትገባ የሚሰማ ነው። ማርሽ መሃል ላይ ተቀርቅሮ እምቢ ካለ አታስገድዱት። ታኮውን ትንሽ አላሉና ሞተሩን ጥቂት ሴንቲሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያወዛወዛችሁ ሞክሩ። ጉጦቹ ፊት ለፊት ሲጋጠሙ ማርሹ አይገባም፤ ይሄ ተፈጥሯቸው ነው፣ ብልሽት አይደለም።

ክንዱ በእጅ ሁሉንም ማርሾች ካገኘ ደስ ይበላችሁ፤ ካምቢዮው ደህና የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። እየተወዛወዘም ማርሹ በእጅ ካልገባ፣ ወይም ከገባ በኋላ "ቀጭ" ሳይል ከዋለለ፣ ጥፋቱ ውስጥ ነው፤ አዲስ ኬብል አያድነውም።

ቀጥሎ በተፈታው ኬብል ማንሻውን አንቀሳቅሱ። ከከበደ ኬብሉን ከማንሻው በኩልም ፍቱትና ሁለቱን ለየብቻ ሞክሩ። አንዳንዴ ጥፋተኛዋ ማንሻዋ ራሷ ናት። የምትዞርበት ብሎን በጭቃና በዝገት ተይዞ ኬብል ተገዝቶ ሲቀየር አይቻለሁ። እንዲህ ሲሆን ብሎኑን አውጥቶ በሽቦ ብሩሽ ማጽዳትና ቀጭን ግራሶ ቀብቶ መመለስ በቂ ነው።

ኬብሉን ማውጣት

ፎቶ አንሱ። ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ። ኬብሉ በየትኛው ቱቦ ሥር፣ በየትኛው ሽቦ ላይ እንዳለፈ ከአንድ ሰዓት በኋላ አታስታውሱትም።

ከዚያ በየመያዣው ላይ ከዳዶዎቹ ውጪ ስንት ጥርስ እንደሚታይ ቁጠሩና ጻፉ። በነጭ ቀለም ምልክት ማድረግም ይቻላል። ይህ ቁጥር የመጨረሻ ልክ አይደለም። ሆኖም ስትገጥሙ የምትነሱበት ቦታ ይሰጣችኋል።

ዝገት የሚፈታ ስፕሬይ ነፍታችሁ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ተዉት። ሁለቱን ዳዶዎች ስትፈቱ በሁለት ቁልፍ ነው፤ አንዱን ያዙ፣ ሌላውን አዙሩ። በአንድ ቁልፍ ብቻ ከታገላችሁ ኬብሉ አብሮ ይጠመዘዛል።

ኬብሉን ከመሳባችሁ በፊት በአንዱ ጫፍ ሲባጎ እሰሩበት። ኬብሉ ሲወጣ ሲባጎው መንገዱን ይዞ ይቀራል። አዲሱን የምትስቡት በእሱ ነው። በዚህች ትንሽ ነገር ፕላስቲኩን ሁሉ ከመፍታት ትድናላችሁ።

ይጸዳል ወይስ ይጣላል?

ኬብሉን መሬት ላይ ሰፊ ክብ አድርጋችሁ ዘርጉት። አንዱን ጫፍ ይዛችሁ ግፉ፣ ሳቡ። ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የሚከብድ ከሆነ ቆሻሻ ወይም እርጥበት ገብቶበታል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቆም ብሎ የሚያልፍ ከሆነ ግን ሽቦው ታጥፎ ተጎድቷል፤ ወይም ሽፋኑ በጭስ ማውጫው ሙቀት ቀልጦ ጨምድዶታል። ሽፋኑን በእጃችሁ ዳሱት። ያበጠ፣ የተሰነጠቀ፣ የቀለጠ ወይም የውስጥ ብረቱ የሚታይ ከሆነ ይጣል። አንድ ክር እንኳ የተበጠሰ ሽቦም ይጣል፤ የቀሩት ክሮች ተራቸውን እየጠበቁ ነው።

ለማጽዳት የሚበቃ ከሆነ ዓይነቱን ለዩ። ውስጡ የፕላስቲክ ሽፋን የሌለው የጥንቱ ዓይነት ዘይት ይፈልጋል። ጫፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ስቀሉት። የትንሽ ፕላስቲክ ከረጢት ጥግ ቆርጣችሁ የኬብሉን ጫፍ አስገቡበትና በፕላስተር አጥብቃችሁ እሰሩት። መጀመሪያ ላምባ አፍሱበት። ሽቦውን እያንቀሳቀሳችሁ ከታች ንጹህ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ አሳልፉት። ላምባው ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ ቀጭን የማሽን ዘይት ጨምራችሁ ይደር። ከታች ዕቃ አስቀምጡለት።

ውስጡ የሚያንሸራትት ፕላስቲክ የተለበጠበትን ግን በዘይት አታጥለቅልቁት። የተሠራው ያለ ዘይት እንዲሄድ ነው፤ ዘይቱ አቧራ ይስባል። ጫፍ ላይ ያሉትን የብረት ዘንጎች አጽዱ፣ የጎማ ሽፋናቸውን ቀይሩ። ካልተሻለው ይቀየር። ግራሶ ደግሞ በየትኛውም ኬብል ውስጥ አትክተቱ። ሲበርድ ይጠጥራል፤ ያኔ ማርሹ ጠዋት ጠዋት ይከብዳል። ዝገት የሚፈታው ስፕሬይም ውሃ ለማስወጣት ጥሩ ነው እንጂ የሚቆይ ቅባት አይደለም።

የተበጠሰ ጫፍ መሥራት

ይህ ለሚጎተተው ዓይነት ብቻ ነው። ሽቦው ደህና ሆኖ ጫፉ ላይ ያለችው ፍሬ ከወጣች፣ አዲስ የናስ ፍሬ በብየዳ እርሳስ መያዝ ይቻላል። ሽቦው ትንሽ ስለሚያጥር ማስተካከያው ላይ የቀረ ጥርስ መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ሽቦው እንዳይበተን የምትቆርጡበትን ቦታ በቀጭን ሽቦ ጠምጥሙት። በስለታም መቁረጫ ቁረጡ። አሁን ከሁሉም በፊት ሽፋኑንና ማስተካከያውን ሽቦው ላይ ማስገባታችሁን እዩ። ፍሬው ከተበየደ በኋላ አይገቡም። ሽቦውን በፍሬው ቀዳዳ አሳልፉና ጫፉን ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ያህል እንደ አበባ ዘርጉት። የሚይዘው ይህ መዘርጋቱ ነው፤ እርሳሱ ቦታውን ይሞላል። ቅባቱን በደንብ አጽድታችሁ የብየዳ ማጽጃውን ቀቡ። ፍሬውን አሙቁ፣ እርሳሱ ራሱ ቀልጦ ይግባ። እሳቱን ፈጥናችሁ አንሱ። እርሳሱ ሽቦውን ተከትሎ ወደ ላይ ከወጣ ያን ቦታ ደረቅ ያደርገዋል፤ ሲታጠፍም እዚያው ጋ ይሰበራል።

ሲበርድ ትርፉን በሞረድ አስተካክሉ። አሲድ ያለው ማጽጃ ከተጠቀማችሁ በውሃ አጥባችሁ አድርቁትና ዘይት ቀቡት። ከዚያ ፍሬውን በሞርሳ ይዛችሁ ሽቦውን በሙሉ ጉልበታችሁ ሳቡት። የሚወጣ ከሆነ አሁን ይውጣ።

አዲስ ኬብል መምረጥና መዘርጋት

አሮጌው ሽፋን ላይ ቁጥር ከታተመ ጻፉት። ካልታተመ አምስት ነገር ለኩ፦ የሽፋኑን ርዝመት፣ ጠቅላላውን ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ዘንጉ ከገባበት እስከ ወጣበት የሚሄደውን ርቀት፣ የጫፉን ጥርስ ውፍረትና ዓይነት፣ ሽፋኑ የሚታሰርበትን መንገድ (በዳዶ ነው ወይስ በማቀፊያ)። ብዙ ሰው ርዝመቱን ብቻ ይዞ ይሄዳል። የሚሄደው ርቀት ካነሰ ግን ኬብሉ ቢገጥምም አንዱ ማርሽ መቼም አይገባም። በርዝመት ትንሽ መብለጥ ችግር የለውም፤ ማነስ ግን አይሆንም።

ስትዘረጉት በሲባጎው እየሳባችሁ በአሮጌው መንገድ አሳልፉት። አሮጌው የቀለጠ ከነበረ ግን መንገዱ ስህተት ነበር ማለት ነው፤ ከጭስ ማውጫው አርቁት። የሚገፋው ዓይነት ሲታጠፍ ሰፋ ብሎ ይታጠፍ። አምራቹ ሌላ ካላለ የመታጠፊያው ግማሽ ስፋት ከ20 ሴንቲሜትር ባያንስ ጥሩ ነው። እያንዳንዱ መታጠፊያ ጉልበት ይበላል። የፕላስቲክ ማሰሪያዎቹን አታጥብቁ፤ ኬብሉ በውስጣቸው ትንሽ መንሸራተት አለበት። የሚነሳው ሞተር ራሱ (ኢንጂኑ) በጎማ መቀመጫ ላይ ስለታሰረ ይርገበገባል፣ ኬብሉም አብሮት መሄድ ይችል። ከመሪው የሚመጣ ኬብል ከሆነ መሪውን እስከ መጨረሻ ግራና ቀኝ አዙራችሁ እንደማይወጠር እዩ።

ማስተካከል

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ከማንሻው ይጀምራል። አትጀምሩ። እውነቱ ያለው ካምቢዮው ውስጥ ነው፤ ማንሻው እሱን ይከተል።

1. የኋላውን ክፍል በክሪክ አንስታችሁ በጠንካራ መደገፊያ ላይ አሳርፉት፤ የፊት ጎማዎቹ ታኮ አይለያቸው። የካምቢዮውን ክንድ በእጃችሁ ዜሮ ላይ አስቀምጡ። ጎማዎቹን አዙሩ፤ በነጻ መዞር አለባቸው። ቁልፉን ብቻ ከፍታችሁ የዜሮው መብራት መብራቱንም እዩ።

2. ማንሻውን ዜሮ ላይ አድርጋችሁ እንዳይንቀሳቀስ በፕላስተር እሰሩት።

3. የኬብሉን ጫፍ ወደ ክንዱ አምጡት። ቀዳዳ ለቀዳዳ እስኪገጣጠም ዳዶዎቹን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ አዙሩ። ባለ 6 ሚሊሜትር መደበኛ ጥርስ በአንድ ዙር 1 ሚሊሜትር ይሄዳል፤ ስለዚህ በሩብ ዙር መሥራት ይቻላል። ፒኑ በጣት ብቻ ተገፍቶ መግባት አለበት። ለመግባት መሳብ ወይም መግፋት ካስፈለገው ገና ነው።

4. ዳዶዎቹን ለጊዜው አጥብቁ፣ ፕላስተሩን አንሱ። ማንሻውን ወደ እያንዳንዱ ማርሽ ውሰዱ፣ ጎማውን በእጅ እያወዛወዛችሁ አስገቡ። በየማርሹ ላይ ፒኑን አውጥታችሁ መልሱት።

አራተኛውን አትዝለሉት። ፒኑ በሁሉም ማርሽ ላይ በጣት ወጥቶ በጣት ከገባ፣ ኬብሉ ክንዱን ከቦታው እየጎተተው አይደለም ማለት ነው። ዜሮ ላይ ልክ ሆኖ የኋላ ማርሽ ላይ ከተቀረቀረ ግን ኬብሉ ማርሹን ሙሉ አላስገባውም። እየዘለለ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ማንሻው በአንዱ በኩል "ቀጭ" ከማለቱ በፊት ከሚቆምበት ጠርዝ ጋር ከተጋጨ፣ በሌላው በኩል ደግሞ ብዙ ቦታ ከተረፈው፣ ልዩነቱን ለካችሁ ግማሹን በዳዶዎቹ ወደ ሌላው በኩል አዙሩት። በሁለቱም ጫፍ ቦታ ካነሰው ማስተካከል አይፈታውም። የሆነ ቦታ የሚባክን እንቅስቃሴ አለ። ያለቀ የፒን ቀዳዳ፣ የላላ ማንሻ፣ የሚለጠጥ መያዣ ፈልጉ።

የሚጎተተው ኬብል ሌላ ሕግ አለው። ሁልጊዜ ትንሽ መላላት አለበት። በማንሻው ጫፍ ላይ ጥቂት ሚሊሜትር ነጻ እንቅስቃሴ ይኑር፤ ትክክለኛ ልኩ በየሞተሩ መመሪያ ላይ አለ። ከተወጠረ መቆለፊያውን ሁልጊዜ ገለጥ አድርጎ ይይዘዋል።

ሲያልቅ ዳዶዎቹን በሁለት ቁልፍ አጥብቁ። የኬብሉ ጫፍ ወደ መያያዣው ቢያንስ የራሱን ውፍረት ያህል በጥርስ መግባቱን እዩ። አዲስ የመቆለፊያ ሽቦ አድርጉ፤ አሮጌው አንዴ ታጥፏልና አይታመንም።

ሙከራ

ከመደገፊያው አውርዱት። ፍሬን ይዛችሁ አስነሱ። በቆመበት፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ እየዞረ ሁሉንም ማርሽ ደጋግማችሁ አስገቡ። የማርሹ መብራት ከማንሻው ጋር ይስማማል? ከዚያ ሰው በሌለበት ገላጣ ቦታ ቀስ ብላችሁ ንዱ። በኋላ ማርሽ ትንሽ አቀበት ላይ ውጡ፤ ጭነት ሲመጣ የሚዘል ከሆነ እዚያ ይታወቃል። ከዘለለ ወዲያው አቁሙና ወደ ፒኑ ሙከራ ተመለሱ።

አዲስ ኬብል መጀመሪያ ላይ ቦታውን ይይዛል፣ ማስተካከያውም ጥቂት ሊላላ ይችላል። ስለዚህ በዳዶውና በመያዣው ላይ የምታገናኝ አንዲት የነጭ ቀለም መስመር አድርጉ። ለጥቂት ሰዓት ከነዳችሁ በኋላ ተመልሳችሁ እዩዋት። መስመሯ ከተሰበረች ዳዶው ዞሯል፤ ቦታው መልሱትና አጥብቁት።

ጭቃ ውስጥ ገብታችሁ ከወጣችሁ በኋላ ስታጥቡት ደግሞ ኃይለኛ ውሃ በቀጥታ የኬብሉ ጫፍ ላይ አትልቀቁ። ውሃው የጎማ ሽፋኑን አልፎ የሚገባው ያን ጊዜ ነው።